ለጧፍ ነው ያለችኝ ጥጥ

መጻፍ አልለመድኩም። ስለ አክስቴ ስለ የማርያምወርቅ ግን እኔ ካልጻፍኩ ማንም አይጽፍላትም።

እኛ እቴቴ ነው የምንላት። እናቴ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው ቤቷ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጧፍ ትሠራ ነበር። ጥጡን ትፈትላለች፣ ፈትሉን የቀለጠ ሰም ውስጥ ትነክራለች፣ ከዚያ በመዳፏ እያሸች ታለሰልሰዋለች። እጇ ሁሌ ሰም ሰም ይሸታል። እሁድ እሁድና በማርያም ቀን ጧፉን በቅርጫት ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትሸጣለች።

ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው መቁረብ ነበር። የወር አበባ ያለባት ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ ስለዚህ እኛ ጋ ብዙ ሴት የሚቆርበው ሲያረጅ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የወር አበባዋ ሲቆም፣ ሌላዋ ሴት አረጀሁ ብላ በምታዝንበት፣ እቴቴ ሳቀች። "ተገላገልኩ! ከእንግዲህ ማን ደጅ ያቆመኛል?" አለች። ስድስት ዓመት ቆረበች። ቅርጫቱን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ ትገባለች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትወጣለች።

በ1998 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ መግባት ተወች። እኔ ያን ጊዜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነበር የምሠራው። እሁድ ስመጣ ከአጥሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር ቆማለች።

"እቴቴ፣ ዛሬም ውጭ? ዘበኛ ቀጠሩሽ እንዴ?"

"ጧፉን ማን ይሽጥልኝ?"

"እኔ አለሁ አይደል?"

"አንቺማ ወሬ ስትሰሚ ይሰርቁሻል።"

የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረ ክርስቶስም ጠየቋት። "የማርያምወርቅ፣ ምነው ጠፋሽ?"

"ጉልበቴን አሞኝ ነው፣ አባቴ። መቆም አቃተኝ።"

"ውጭ ስትቆሚ አያምሽም?" አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔም ስቄያለሁ።

ሰኔ ላይ ከፋርማሲ ጥቅል ጥጥ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። "ለምንሽ ነው?" ስላት "ለጧፍ ነው" አለችኝ። አመጣሁላት። በወሩ ደገመች። ጥር ላይ በየሳምንቱ ሆነ። "ጧፍሽ መድኃኒት መድኃኒት ሊሸት ነው!" ብዬ ቀለድኩባት። ከገበያ ካመጣችው ጥጥ ሌላ በእንዝርቷ እንደማትነካ አውቃለሁ፣ አጠገቧ ነው ያደግኩት። ካርድ ክፍል ተቀምጬም ስንቷን ያረጠች ሴት "ደም መልሶ መጣብኝ" ስትል ሰምቼ ወደ ሐኪም መርቻለሁ። አክስቴ ላይ ግን አልታየኝም።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዳገቱን ስንወጣ መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ፊቷ ሰሙን መስሏል። ስትነሳ ቀሚሷ ላይ ደም አየሁ።

"እቴቴ! ምንድን ነው ይሄ?"

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካምና ፋሲካ ጀምሮ። መልሶ መጣብኝ።" ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። "ሳይገባኝ ቆርቤ ነው መሰለኝ። እመቤቴ ማርያም ናት ከደጇ የመለሰችኝ።"

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ከማህፀኗ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ሕሩይ የሚባለው ሐኪም ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ አስረዳት።

"እማማ፣ የማህፀን የውስጥ ሽፋን በሁለት ሆርሞን ነው የሚታዘዘው። አንዱ እደግ ይለዋል፣ ሌላው በቃህ ይለዋል። ሴት ስታርጥ በቃህ የሚለው ይጠፋል። እደግ የሚለው ግን ትንሽ ትንሽ ከሰውነት ስብ ውስጥ ይመጣል። ሴሎቹም ያረጃሉ፣ የታዘዙትን በደንብ አይሰሙም። ከልካይ ሲያጡ ዝም ብለው ያድጋሉ፣ ቆይቶ ካንሰር ይሆናል።"

እቴቴ ስለ ካንሰሩ አልጠየቀችም። "እንግዲያው የወር አበባ አይደለም?" አለችው።

"አይደለም፣ እማማ። ሴት ካረጠች በኋላ አንዲት ጠብታ እንኳን ብትሆን የወር አበባ አይደለችም። ያኔውኑ መጥተው ቢሆን ኖሮ..."

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር በከንቱ ነው ውጭ የቆምኩት?"



ማህፀኗን በቀዶ ሕክምና አወጡላት፣ በሽታው ግን አልፎ ሳንባዋ ደርሶ ነበር። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ሲሰሙ ቤት ድረስ መጡ። "ይሄማ በሽታ ነው፣ ልጄ። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሏት። "አፍሬ ነው፣ አባቴ" አለች። እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን የሳቁባት ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

ሰኔ 21 ልትቆርብ ደግፈን አወጣናት። በሩ ላይ ሌሎች ተቀበሏት፣ እኔ የወር አበባ ላይ ስለነበርኩ መግባት አልቻልኩም። ቅርጫቷን ይዤ ዛፉ ሥር ቆምኩ። እዚያ ሲቆሙ ቅዳሴው ይሰማል፣ ቃሉ ግን በደንብ አይለይም፣ ንፋሱ ይወስደዋል። አሥር ወር እንዲህ ነው የሰማችው።

ይቅር በይኝ ልላት ነበር። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። የቆረበ ሰው አያወራም፣ እኔም ላናግራት ፈራሁ። ዓይኗ እየሳቀ ነበር። ቅርጫቱን ከእጄ ወሰደችና፣ አንድ ጧፍ አውጥታ ሰጠችኝ። ቤት ስንገባ እላታለሁ አልኩ። ቤት ስንገባ ደክሟት ተኛች። ነገ እላታለሁ አልኩ።

ነሐሴ ላይ አረፈች፣ እኔ አሁንም አላልኳትም።