በስሜ የተመዘገበው ዕዳ

ዕዳ እንዳለብኝ የሰማሁት በሐምሌ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ በማያባራበት ሰሞን። የደመወዝ ማረጋገጫዬን፣ መታወቂያዬንና ከመምህራን የቤት ማኅበራችን የተጻፈልኝን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልዬ ባንክ ሄድኩ። ማኅበራችን ቦታ ሊሰጠው ነው እየተባለ ብዙ ዓመት ተወርቷል፤ ያን ክረምት ግን ወሬው እውነት ሆነ። እያንዳንዳችን የቤቱን ግማሽ ወጪ በዝግ ሂሳብ እንድናስገባ ታዘዝን። ቀኑ ያለፈበት ስሙ ይሰረዛል። እኔ አብዛኛውን ከደመወዜ እየቆነጠርኩ አጠራቅሜ ነበር፤ የጎደለኝን ለመበደር ነው የሄድኩት። ለቀነ ገደቡ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

የብድር ክፍሏ ልጅ ስሜን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች። ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መምህርት፣ ያልተከፈለ ብድር አለብዎት ይላል።»

«እኔ? እኔ በሕይወቴ ተበድሬ አላውቅም!»

«በዋስነት ነው። ተበዳሪው ሌላ ሰው ነው።»

የተበዳሪውን ስም ነገረችኝ። የባለቤቴ ስም ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ልጅቷ መልካም ሰው ነበረች። ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የብድር መረጃ ጠይቆ ማየት እንደሚችል ነገረችኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም። አንዱ አበዳሪ የጻፈውን ሌላው ያየዋል፤ ሁሉም በአንድ ቋት ይከማቻል። አንድ ቅጽ ሞላሁ፣ የመታወቂያዬን ቅጂ አያያዝኩ፣ ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ በእስክሪብቶ እያሰመርኩ፣ ስሜ በትክክል መጻፉን፣ ብድሩ የተወሰደበትን ቀን፣ ዋናውን፣ ወለዱን፣ ቅጣቱን አየሁ። ስህተት ቢገኝ ብዬ ነበር። አንድም ስህተት የለበትም። ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ አንዲት ዜሮ ቢያጎድል በቀይ እከብበታለሁ። በራሴ ስም የተጻፈውን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ገልጬ አላየሁም። እንዲህ ያለች መምህርት ናት እንግዲህ የሰው ልጅ የምታስተምር!

ብድሩ ሲወሰድ የምንኖረው አምበር ከተማ ነበር። ባለቤቴ አናጢ ነበር። ለእንጨት መላጊያ ማሽን መግዣ ብድር ሲወስድ የመንግሥት ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ አሉት፤ ከእኔ የቀረበ ደመወዝተኛ ከየት ያመጣል? በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል፣ እጄ ላይ ጠመኔ እንዳለ፣ ፈርሜለት ወደ ክፍል ተመለስኩ። ወረቀቱን አላነበብኩትም። እሱም አላነበበውም። ብድሩን ያጸደቀለት የአበዳሪው ድርጅት ሠራተኛ ሰው አክባሪ ወጣት ነበር፤ የእንጨት ሥራ ሱቃችን ሲመጣ ሳይቀመጥ አይሄድም።

ባለቤቴ የሞተው በድንገት ነው፤ ጠዋት ደረቴን አመመኝ ብሎ ከሰዓት በኋላ አረፈ። ስለ ገንዘብ የምንነጋገርበት ጊዜ አላገኘንም። ከብድሩ የቀረ ነገር እንዳለ በደንብ አላውቅም ነበር፤ እጠረጥር ግን ነበር። ይህን አልክድም።

በእኛ ዘንድ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ ሬሳው አፈር ሳይቀምስ፣ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሕዝቡን ይጠይቃል። ያን ቀንም ጠየቁ።

«ለሟች ያበደረ፣ አደራ የሰጠ፣ ያልተወራረደ ነገር ያለው ካለ ይናገር። ቤተሰቡ ይከፍላል። አይ የሚልም ለነፍሱ ይቅር ይበለው!»

ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ሳንቃና ምስማር በዱቤ ይሰጠው የነበረው ሙስሊም ባለሱቅ ከአጥሩ አጠገብ እጁን አነሣ። «እኔ ያለኝን አውፍ ብያለሁ፣ ትቼለታለሁ፤ አላህ ይማረው» አለ። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም ባለቀሰ ዓይኔ የብድር ሠራተኛውን ፈለግሁት። ከጽዱ ዛፍ ሥር ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተያየን። አቀረቀረ። ምንም አላለም።

እኔ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠርኩት። በመቃብር አፋፍ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ያልተናገረ ሰው ምንም የለውም ማለት ነው፤ ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ ቢጠይቅ ነውረኛው እሱ ነው። ስለዚህ ልቤን አሳረፍኩ። ማሽኑን ሸጬ ተዝካሩን አወጣሁ፤ ብዙ ሰው በላ፣ ብዙ ሰው መረቀ። ሱቁን ዘጋሁ፣ ዝውውር ጠይቄ ልጄን ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ወደ ተዘጋው ሱቅና ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤቴ ይላኩ እንደነበር አሁን ነው ያወቅሁት። ኮምፒውተር ለቅሶ አይደርስም። ሽማግሌው ሲጠይቁም አይሰማም።

ወረቀቱን ባነበብኩ ማግስት የብድር ሠራተኛውን አፈላልጌ አገኘሁት። ሥራውን ለቆ ይጁቤ ውስጥ የሰብል መድኃኒት ይሸጣል። በሚኒባስ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ደረስኩ። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ፤ ለምን እንደመጣሁ ሳልነግረው የገባው ይመስለኛል።

«ያን ቀን ነበርህ» አልኩት።

«ነበርኩ፣ እትዬ።»

«ሲጠየቅ ምነው ዝም አልህ?»

«እንዴት አድርጌ ልናገር? እርስዎ ደረትዎን እየደቁ፣ ልጅቱ ከመሬት ወድቃ! የእንትና ልጅ፣ ሬሳ ላይ ቆሞ ገንዘብ ጠየቀ ልባል? ከአርባው በኋላ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። አርባው ሳይደርስ መርጡለ ማርያም አዛወሩኝ።»

«ስልክ የለህም?»

ዝም አለ። ዝም ማለት መቼም ይችልበታል። የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ያን ቀን ቢናገር ኖሮ ሕዝቡ በድንጋይ ባይወግረው በአፉ ይወግረው ነበር። ከሁሉ በፊት የምረግመው እኔ ነበርኩ።

ሻይ አስመጣልኝ። አልጠጣሁትም። ከዚያ እያየሁት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሊናገረው የማይፈልገው ነገር እንዳለ ታወቀኝ።

«ምንድን ነው? ተናገር እንጂ!»

«እትዬ፣ ያ ብድር እኮ መከፈል አልነበረበትም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ብድሩ ሲወጣ ከላዩ ለሞት መድን ተብሎ ትንሽ ገንዘብ ይቆረጣል አለኝ። ተበዳሪው ከሞተ፣ ቤተሰቡ የሞት የምስክር ወረቀት በሦስት ወር ውስጥ ካመጣ፣ የቀረው ዕዳ በሙሉ ይሰረዛል። ዋሱም ነፃ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ለቤተሰቡ «ዕዳ አለ» ብሎ መናገር ብቻ ነበር። የምስክር ወረቀቱ በእጄ ነበረ፤ ለጡረታው ጉዳይ ብዬ በሁለተኛው ሳምንት አውጥቼዋለሁ። ሦስቱ ወር ካለፈ ግን ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ይቅር አላልኩትም። ብዬው ብመለስ ደግ ነበር፤ አልቻልኩም። ጃንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ለቤቱ ካጠራቀምኩት ላይ ዕዳውን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ከፈልኩ። መረጃው እስኪታረም ጊዜ ይወስዳል ተባልኩ፤ ቢታረምም ከእንግዲህ የሚጎድለኝን ያህል ማንም አያበድረኝም። ቀኑ አለፈ። አሁን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የማገኘውን ሁሉ፣ በተለይ ለሰው ዋስ የሆነውን፣ «ሂድና ስምህን አስፈልግ፤ መታወቂያ ብቻ ነው የሚጠይቁህ» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ «እኔ ምን አለብኝ?» ይላል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

የቦታው ዕጣ የወጣው በእሑድ ነው። የባልደረቦቼ እልልታ ቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ቤቴ ስል የተከራየኋትን ማለቴ ነው። ልጄ መስኮቱን ዘጋችልኝ። ባለቤቴን በቀበርኩ ዕለት አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቢያሳፍረኝ ኖሮ፣ ያን እሑድ እኔም ዕጣ አወጣ ነበር።