ከአባያ ስር ያለው ድንበር

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሴቻ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አንድ እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ምሳ እየበላን፣ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ለአባቴ ነገርኩት። ከውቅያኖስ በታች አንድ ሙሉ አህጉር ተደብቆ ኖሮ ተገኝቷል፣ ተራራውም ሸለቆውም ካርታ ላይ ሰፍሯል አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አባቴ መብላቱን አቆመ። "መሬቱ ውሃ ስር ሆኖ ቦታውን አልለቀቀም?"

"አልለቀቀም፣ አባባ።"

የአባቴ የሙዝ እርሻ አባያ ሐይቅ ዳር ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሐይቁ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየገፋ መጥቶ እርሻውን ከነማንጎው ዋጠው። እዚያ ውስጥ፣ ከማንጎው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የድንበር ድንጋይ አለ። አባቴና ጎረቤቱ ስንት ዓመት ተጣልተው ኖረው፣ የአገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ካስታረቋቸው በኋላ የተተከለ ነው። ያን ድንጋይ ያነቃነቀ ጎሜ ያገኘዋል፤ የእርግማኑ ጣጣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አባቴ የጸሎት ቤት አገልጋይ ነው፣ ጎሜን ግን እስከ ዛሬ ይፈራል።

"ድንጋዩን ውሃው ገፍቶት ከሆነስ? ሄጄ ማየት አለብኝ" አለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስታችን ጀልባ ላይ ነበርን፤ አባቴ፣ ያ ጎረቤቱ፣ እኔ። ጎረቤቱ እርሻው ከሰመጠ ወዲህ አሣ አጥማጅ ሆኗል። እኔ የሄድኩት አባቴን ለምኜ ልመልሰው ነበር። የማንጎው ደረቅ ጫፍ ከውሃው ብቅ ካለበት ስንደርስ አባቴ ሸሚዙን አወለቀ።

"አባባ፣ አዞ አለ!"

"አውቃለሁ። እርሻ ሳለንም ነበረ።"

ገባ። ውሃው ደረቱ ድረስ መጣ። ቀይ ነው፣ ከስንዝር በታች ያለውን አያሳይም። በእግሩ መሬቱን እየዳበሰ ራቀ። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ውሃው ላይ ከበቀለው ሣር አጠገብ አንድ ነገር ውሃውን ሰንጥቆ አለፈ፤ ግንድ ይሁን አዞ እስካሁን አላውቅም። ልጮህ ስል ጎረቤቱ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ "ዝም በል!" አለኝ።

የአባቴ ራስ ጠፋ።

ጌታ ሆይ፣ ያን ወሬ ወደ አፌ መልሰው አልኩ። ካርታ የሚባል ነገር ሁሉ ጠላሁ።

ብቅ አለ። እያሳለ ይስቃል። "አለ! ቦታው ላይ ነው! በእጄ ነካሁት!"

ጎትተን አወጣነው። ጎረቤቱ አቅፎት አለቀሰ። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ አባቴን ከዚያ በፊት ተቆጥቼው አላውቅም።

አባቴ ቁጣዬን እስክጨርስ ጠበቀኝ። "ያ ያልከው አህጉር፣ ሰዎቹ ወዴት ሄዱ?" አለ።

"ሰው የኖረበት አይመስለኝም።"

"እንዲያ ከሆነ የእኛ ይብሳል።"

ጎረቤቱ መቅዘፍ ጀመረ። "በሚመጣው ዓመትም እንየው" አለው።

"እናየዋለን" አለ አባቴ።

የማንጎውን ጫፍ ዞሬ አየሁት። በሚመጣው ዓመት ውሃው ከአባቴ ራስ በላይ ይሆናል።