ባሕር በሌለበት አገር ሸርጣን ማሳደግ

ውጭ አገር ተልኬ ያጠናሁት የባሕር ሸርጣን እጭ አስተዳደግ ነው። ስመለስ የተመደብኩት ወረታ፣ ዙሪያውን ሩዝ ብቻ የሚታይበት ኮሌጅ ነው። ባልደረቦቼ «የሸርጣኑ መምህር» እያሉ ሲያሾፉብኝ አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ያርራል።

ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ለምኜ ለምኜ፣ እንቁላል ያቀፈች ሸርጣን ከነባሕር ውኃዋ በጀሪካን አመጣልኝ። ዲኑ አንዲት ጠባብ ክፍል ፈቀዱልኝ፤ አንድ እጭ እንኳ ሸርጣን ሆኖ ካልወጣ ክፍሏ የማዳበሪያ መጋዘን እንደምትሆን ግን አስቀድመው ነገሩኝ።

እጮቹ ሲፈለፈሉ ሸርጣን አይመስሉም፤ እሾህ ያላቸው፣ ዓይናቸው የገዘፈ ብናኞች ናቸው። ቆዳቸውን እየገፈፉ ይለወጣሉ። አብዛኞቹ አለቁብኝ። የተረፉትን አንድ ማለዳ መቆንጠጫ አብቅለው ሳገኛቸው ብቻዬን ጮህኩ። የቀራቸው አንድ ለውጥ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት የኮሌጁ ውኃ ጠፋ። እጮቹን የማዛውርባቸውን ብልቃጦች ቤት ወስጄ ሳጥብ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ አዩኝ። ፎገራ ላይ ላም ሲያልቡ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ተወው፣ እኔ አጥብልሃለሁ። ምን ልታደርግበት ነው?»

«ጨቅሎች ላሳድግበት ነው» አልኳቸው። ሳቁ።

አድርቀው ሲሰጡኝ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ምንም አልሸተተኝም። የባሕሩን ውኃ ሞልቼ እጮቹን አዛወርኩ። በማግስቱ አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

ምን እንደገደላቸው ግራ ገብቶኝ ሳለ፣ ባለቤቴ ትርፍ የነበረውን ብልቃጥ አሸተተችና «ይሄማ በወይራ ታጥኗል» አለች። እዚህ የወተት ዕቃ መታጠቡ ብቻ አይበቃውም፤ ወተቱ እንዳይበላሽ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አማቴ ለራሳቸው ዕቃ የሚያደርጉትን ለእኔም አደረጉ።

ሾፌሩ ጋ ስደውል መንገዱ አስጊ ስለሆነ ወደዚህ መምጣት መተዉን ነገረኝ። ክፍሏ ውስጥ አሁን ማዳበሪያ ተደርድሯል።

ለአማቴ እውነቱን አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ሰሞኑን እንደገና ሊጠይቁን መጥተው ገና ሳይቀመጡ፦

«ልጄ፣ እኒያ ጨቅሎች አደጉልህ ወይ?» አሉኝ።

«አድገዋል፣ እማማ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! የያዝከው ሁሉ እንዲሁ ይደግልህ፤ የለፋህበትን አይንሳህ!»

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ደስታቸው ከልብ ነበር። ያን ደስታቸውን እያየሁ ጠላኋቸው።

«አሜን» አልኩ።