ጣሪያ ላይ የበቀለ ሳር

ዛሬም የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ የሚነሣው ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ቀና እላለሁ። የማየው ጣሪያውን ነው። ከራሴ በላይ ያለው ቆርቆሮ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ዓይኔ ግን አሁንም እርጥብ ቦታ ይፈልጋል፣ ጆሮዬም ጠብታ ይጠብቃል። ከዚያ እማየ ትመጣብኛለች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ቅሉን አምጪ፣ ገንቦውን ወደዚህ አስጠጊ እያለች።

ተወልጄ ያደግሁት ከደብረ ወርቅ ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ ቤት ነው። ግድግዳውን አባየ እማየን ከማግባቱ በፊት በገዛ እጁ በድንጋይ ክቦት ነበር፤ ክዳኑ እንደ አገሩ ቤት ሁሉ ሳር ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ አባየ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ፤ በበጋው ደግሞ ወታደሮች መጥተው የአርበኛ ቤት እየለዩ እሳት ለቀቁበት። የእኛም ክዳን እንዳልነበረ ሆኖ ድንጋዩ ብቻ ጠቁሮ ቀረ። አንዱ ጎረቤታችን ቶሎ ብሎ እንደገና ሳር ከደነ፣ ወር ሳይሞላው ያም ነደደ። ይህን ያየችው እማየ ሁለተኛ ደረቅ ሳር ከራሷ በላይ እንዳይወጣ ማለች።

መላውን ያመጣልን ከትግራይ በእግሩ ተጉዞ ዲማ ቅኔ ሊማር የመጣ ተማሪ ነበር። በደጃችን ሲያልፍ እማየ ካላት ላይ ቁራሽ ትሰጠው ስለነበር፣ ቤቱ ተቃጥሎ ባየ ጊዜ አዘነና በእነሱ አገር ቤት የሚከደነው በአፈር እንደሆነ፣ አፈር ደግሞ እንደማይነድ ነገራት። ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጥቶ ጠንካራ የወይራ እንጨት ከግድግዳ ግድግዳ ደረደረ፣ በላዩ ጭራሮና ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈ፣ ከዚያም ጭቃና አፈር አልብሰው በእግር ረገጡት፣ በዱላም ደበደቡት። ውሃው የሚወርድበት ከእንጨት የተፈለፈለ አሸንዳ በአንድ ጥግ አወጡለት። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ጣሪያው ከኋላ በኩል ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ ቀረ፤ ጥጃችን ሳይቀር እየተራመደ ይወጣበት ነበር። የሰፈሩ ሰው ሊያይ እየመጣ፣ የአስካለ ቤት ራሱን ተላጨ እያለ ሳቀብን።

ተማሪው ተሰናብቶ ሲሄድ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «እመት አስካለ፣ ሳር ሲበቅልበት ገና በቡቃያው ከነሥሩ ይንቀሉት። ይህን ከረሱ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው» አላት።

እማየ እሺ አለች። ግን እሺ ያለችው በአፏ ነው።

ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ ሲጋመስ ጣሪያችን ለመለመ። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና የተማሪውን ቃል አስታውሼ ልነቅል ብነሣ እማየ ተቆጣችኝ። የጎጃም ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ዝናብን የመለሰው በሳር ነው፤ ሳር ቤት ያፈሳል ቢሏት እንዴት ይግባት? የማለችው በደረቁ ሳር ላይ ነው፤ እርጥቡ እንደማይነድ ታውቃለች። እግዜር ራሱ ከደነልን ብላ ደስ አላት፣ ሳሩም ከጥጃው የተረፈው ወገብ ደረሰ።

በነሐሴ ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ በምድጃው በኩል አንድ ጠብታ ነበር፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውነው። ቅሉ ውስጥ ጠብ ሲል ወፍራም ድምፅ ነበረው፣ ገበታው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጣ ይላል፤ ታናሽ ወንድሜ ውበቱ በድምፁ ብቻ የትኛው ዕቃ እንደሞላ ያውቅ ነበር። እማየ አጎቴ ያመጣላትን ገሣ ደርባ ዝናቡ ውስጥ ትወጣና ጭቃና እበት ለውሳ የሚያፈሰውን ቦታ ትደፍናለች፤ ወርዳ እጇን ሳትታጠብ ሌላው ቦታ ያፈሳል። ውሃው የሳሩን ሥር መንገድ አድርጎ በፈለገበት እንደሚወርድ ማናችንም አላወቅንም። ደረቅ ሆኖ የቀረው ከጎታው ጀርባ ያለችው አንድ ጥግ ብቻ ነበረች፤ እማየን መካከል አድርገን፣ እኔ በጀርባዋ ውበቱ በደረቷ፣ እዚያች ላይ ተጣብቀን እናድር ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሞቀኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ይህ አጎቴ የእማየ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቁይ በምትባል አገር ይኖር ነበር። በጳጉሜ መጥቶ ቤቱን ዞሮ አየና ልጆቹ በብርድ ከማለቃቸው በፊት ነገ ጠዋት ጠቅልላችሁ ወደ እኔ ትሄዳላችሁ አለ። እውነቱን ነበር፣ ውበቱ ሳል ጀምሮታል። እማየ ወደ ደጃፉ ተመለከተች።

«ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ከተነሣሁ እሱ ወዴት ብሎ ይመጣል? የሚያውቀው ይህን ደጃፍ ነው» አለችው።

አጎቴ ተቆጥቶ ሄደ፤ ለውበቱ ግን ጋቢውን ትቶለት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ገባኝ። ጣሪያው ከተደረመሰ እንሄዳለን፣ ከሄድን አባየ አያገኘንም። እያንዳንዷን ጠብታ በዚህ ዓይን አያት ጀመር።

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ አሞሌ ጨው በአህያ የጫነ ሰው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የአባቴን ስም ስነግረው የአህያውን ገመድ ለቀቀው። እቤት ይዤው ስገባ እማየ ነጋዴ መስሏት መቀመጫ አቀረበች፤ እሱ ግን የአባየ የዱር ጓደኛ ነበር፣ ቆሞ ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

«በመስከረም እኔና እሱ ከላይ ተረተሩ ላይ ደርሰን ነበር» አላት። «ሠፈሩ ባንዳ ሞልቶት መውረድ አልቻልንም። ከዚያ ሆኖ ቢያይ በቤቱ ቦታ ላይ ሳር በቅሏል። ጭስም የለ። ተቃጥለው አልቀዋል ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው አያናግርም።»

ጭሱ የጠፋው፣ ጠላት እንዳያየን እሳት የምናነደው ከመሸ በኋላ ስለነበር ነው። ሳሩን ግን በማን እናላክክ? እማየ አላለቀሰችም። ሰውየውን እንደቆመ ትታ ወጥታ ጣሪያው ላይ ተንበረከከችና ሳሩን በሁለት እጇ ትነቅል ጀመር፣ እኔም ተከተልኳት። እያንዳንዱ ሥር ጭብጥ ጭብጥ የሚያህል ጭቃ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ቤታችንን ሲበላ የከረመውን ያኔ አየሁት። መዳፏ እስኪደማ ነቀለች። ሰውየው ሊሄድ ሲነሣ አንድ ጭብጥ ሳር ከነጭቃው በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው።

«ከቤትህ ራስ ላይ የተነቀለ ነው በለው» አለችው።

አባየ የመጣው በታኅሣሥ፣ ባንዳው ወደ ደብረ ማርቆስ የተጠራ ሰሞን፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ጨርቁ በእጁ ነበር። ምን እንደተባባሉ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ቀኑን ነው። አንድ ቀን ብቻ ነበረን፤ ያንንም ቀን ጣሪያ ስንረግጥ ዋልን። አባየ አፈር አመጣ፣ እማየ ውሃ አፈሰሰች፣ እኔና ውበቱ በመካከላቸው እጅ ለእጅ ተያይዘን በጭቃው ላይ ዞርን። ውበቱ ደጋግሞ ሲወድቅ አባየ ሳቀ፤ እማየም በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። በመጨረሻ እማየ ከተረተሩ ላይ እንዲታይ ብላ ጣሪያውን ነጭ አፈር ቀባችው። አባየ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሄደ።

በሚቀጥለው ክረምት ቤቱ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ዕቃዎቹ ደረቅ ሆነው ተቀመጡ፣ እኛም ተራርቀን ተኛን።

ጣሊያን ለቆ ሲወጣ የአባየ ጓዶች ወደየቤታቸው ገቡ። ወደ እኛ የመጣው ግን ያ አሞሌ የጫነው ሰው ብቻ ነበር፤ አባየ የወደቀበትን ቦታ ነግሮን አብሮን አለቀሰ። እማየ ተዝካሩን አወጣች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ሳር ክዳኑ ሲመለስ እሷ አልተመለሰችም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ገሣውን ደርባ ወጥታ ቡቃያውን ትነቅላለች። አንድ ጊዜ፣ እማየ አሁን ደግሞ ለማን ነው ብላት፣ «እጄ ለምዶ ነው» አለችኝና ፊቷን ወደ ተረተሩ መለሰች። እስክትሞት ድረስ አንድ ሳር አላሳደገችበትም።

አሁን ያለሁበት ቤት አያፈስም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም ከመኝታው አይነሣም፣ ልጆቼ በየክፍላቸው፣ እኔም በክፍሌ ብቻዬን ደረቅ ሆኜ እተኛለሁ። ነሐሴ ላይ ግን አሸንዳው ውስጥ ከተጠራቀመው አፈር ሳር ብቅ ይላል። መሰላል አስደግፌ በዚህ ዕድሜዬ ስወጣ ልጆቼ ይቆጡኛል፣ ያች ሳር ምን አደረገችሽ ይሉኛል።

ቤት ትደብቃለች እላቸውና ከነሥሯ እነቅላታለሁ።