ለመጥለቂያ ዕቃዬ የገዛሁት ሻንጣ

እኔ ሻንጣ የምገዛው ረግጬ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ ሰማያዊውን ሻንጣ መሬት ላይ አጋደምኩና ጫማዬን እንዳደረግሁ ዘለልኩበት። ክዳኑ ጎደጎደ። ቀዩን ከመደርደሪያው አናት ላይ ለቀቅኩት፤ ጎማው ተነቅሎ ባንኮኒው ስር ገባ። ባለሱቁ፣ ጢማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ፣ የሚቆጥሩትን ሙስበሃ ጥለው ተነሡ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጎሽ ነው? ሌባ ነው እንዴ እንዲህ የምትቀጠቅጪው?"

"አባባ፣ መንገድ ላይ ከዚህም ይብስበታል። እዚህ ካልቻለ እዚያም አይችል" አልኳቸው።

"ምን ልትይዥበት ነው? እንቁላል?"

እንቁላልስ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። ቀይ ባሕር ዳር ባለች የቱሪስት ከተማ፣ ለጠላቂዎች ዕቃ በሚያከራይ ቤት ውስጥ ወለል ስጠርግና የጎማ ልብስ ሳጥብ ኖሬ፣ በመጨረሻ እኔም መጥለቅ ተምሬ ነበር። ለዕረፍት አገሬ እንደገባሁ ያው ቤት የጠላቂዎች ረዳት አድርጎ ሊቀጥረኝ ጠራኝ፤ የራሴን ዕቃ ይዤ ከመጣሁ ብቻ። ዕቃ ማለት መነጽሩ፣ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋው ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሬጉሌተሩ ነው፤ ከሲሊንደሩ የሚመጣውን አየር ለአፍ የሚያደርሰው እሱ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ሥራ የለም። መሰንጠቁን ሳላውቅ ከጠለቅኩ ደግሞ እኔም የለሁም።

ባለፈው ጉዞዬ ከእጄ አልለየውም ብዬ በጨርቅ ቦርሳ ይዤው ነበር። አውሮፕላኑ ትንሽ ስለሆነ ቦርሳዬን ደረጃው ላይ ተቀብለው ከሌላው ጭነት ጋር ከተቱት፤ ስደርስ ሬጉሌተሩ ቢተርፍም መነጽሬ ደቅቆ አገኘሁት። የት ቦታ እንደደቀቀ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ የሚባል ነገር አላምንም።

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ከጓዳ አንድ ጥቁር፣ ጠርዙ በብረት የተያዘ፣ አስቀያሚ ሻንጣ አወጡ። ዘለልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። ከሱቁ ደረጃ ላይ ወረወርኩት፤ የተላጠው ደረጃው ነው።

"ወላሂ ይሄንስ አንቺም አትችይው!" ብለው ሳቁ።

ወደድኩት። ውስጡን በስፖንጅ ሞልቼ፣ ለልክ ይዤው የመጣሁትን ሬጉሌተር መሐሉ ላይ አስተኝቼ፣ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይዤው ወረድኩ።

ቤታችን ኮምቦልቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝም እሱ ነው። እጁ እንደ አባት እጅ ነው፣ ሲያጎርስም ሲመታም። እኔ ሻንጣውን ይዤ በገባሁበት ቀን፣ አንድ የሥራ ባልደረባው ስልኩን ከፍቶ ፎቶዬን አሳይቶታል፤ ገላዬ ላይ የተጣበቀ የጎማ ልብስ ለብሼ፣ ከወንዶች መሐል ጀልባ ላይ ቆሜአለሁ። ማሽን ዳር የነበሩት ሁሉ እየተቀባበሉ አዩት፤ አንዱም ሳቀ አሉ።

ቤት ሲገባ ሰላም አላለም። መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ በቡጢ አለኝ። እኔም ችዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም፤ እጁን ነከስኩት፣ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ አልለቀቅኩም። እናቴ "ኡኡ! የጎረቤት ያለህ! ልጆቼ ተላለቁ!" እያለች ወደ ደጅ ስትሮጥ፣ እሱ ከጓዳ የሙቀጫውን ዘነዘና ይዞ ወጣ። ለእኔ መስሎኝ ጭንቅላቴን በክንዴ ሸፈንኩ። ለሻንጣው ነበር።

"ይሄ አይደል የሚወስድሽ? ይሄ አይደል?" እያለ በሁለት እጁ እያነሣ ወቀጠው። ብረቱ ይጮሃል፣ ጎኑ ይገባል፣ እሱ ያቃስታል። የመረጥኩት ለአውሮፕላን ነው፤ ዘነዘናን ማን አሰበው! በየምቱ ውስጡ ያለው ነገር ሲነጥር ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ላይ ያረፈብኝ ያህል ነበር የሚያመኝ። ጎረቤቶች ገብተው በስንት ትግል አስጣሉት። ቅንድቤ ተተርትሯል፣ ሻንጣው ጎድጉዷል፣ ቁልፉ ግን እንደያዘ ነው።

በማግስቱ እናቴ አበጋሩን አስጠራች። አበጋር በኛ አገር የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ማስታረቁንም ከአባቱ የወረሰ ሽማግሌ ነው፤ ቃሉን የሚደፍር የለም። ጫት ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሁለታችንም ተሰማን። ወንድሜ የተነከሰ እጁን በጨርቅ እንደጠቀለለ ተነሥቶ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ። ጥርሴን ነክሼ "አውፍ ብያለሁ" አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ውስጤ እንደ ምድጃ ይነድ ነበር።

"እንግዲህ ትሄዳለች" ብለው ፈረዱ አበጋሩ። ወደ ወንድሜ ዞረውም "ሻንጣዋን ተሸክመህ የምትሸኛት አንተ ነህ። የመታ ክንድ ይሸከም" አሉት።

"አባ፣ ዕቃዬ ተሰብሮ እንደሆነ ከፍቼ ልየው" አልኳቸው።

"አታይውም! እርቅ ከወረደ በኋላ ጉዳት የሚቆጥር ቂም ይቆጥራል። ተሰብሮ ብታገኝው እንኳ እንዳታነሽበት። አንተም እንዳትጠይቃት። ይህን እርቅ ያፈረሰ ቤቱ ይፍረስ!"

"አሚን!" አለ ቤቱ ሙሉ። እኔም አልኩ። እናቴ እርግማኑን ፈርታ ሻንጣውን አልጋዋ ስር ከታ፣ እስከምሄድበት ጠዋት ላዩ ላይ ተኛችበት።

ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ በር ላይ ወንድሜ ሻንጣውን ከትከሻው አውርዶ ከፍተሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ፈታሿ "ክፈቺው" አለችኝ። በታዛዥነቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስፖንጁን ገለጥኩ። ቱቦ የተቀጣጠለበት ብረት ስታይ ወደ ኋላ አለች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ውሃ ስር መተንፈሻ ነው። ቆይ፣ ላሳይሽ።"

ሲያዩት ምንም አልሆነም። ሬጉሌተር ግን በዓይን አይታመንም። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመውን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍኖ በአፍ መሳብ ነው። ደህና ከሆነ ምንም አየር አይመጣም፤ ከንፈር ላይ ልጥፍ ይላል። አየር ከመጣ የመጣው በስንጥቅ ነው፤ ባሕር ውስጥ በዚያው ስንጥቅ የሚገባው ውሃ ነው። ደፍኜ ሳብኩ። ቀጭን፣ ቀዝቃዛ አየር ጉሮሮዬ ገባ። ጣቴን አጥብቄ ደገምኩት። አሁንም ገባ።

ወንድሜ አፌን አፌን ያያል። እንዳይጠይቅ በአበጋሩ ተገዝቷል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። እኔ እንዳደረግሁት ጫፉን በአውራ ጣቱ ደፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበ። ደረቱ ሞላ። ዓይኑን ሲገልጥ እንባ አቅርሯል።

"ይተነፍሳል! አልሐምዱሊላህ፣ አየር አለው!" አለ። ለፈታሿም ነገራት፦ "አየሽ፣ ይሠራል!"

ጠላሁት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። የሳብከው የሰበርክበትን ቀዳዳ ነው፣ እንጀራዬን ነው የወቀጥከው ብዬ ብረቱን ከእጁ ነጥቄ ፊቱ ላይ ልወረውርበት ቃጣኝ። "ቤቱ ይፍረስ" የተባለው ደግሞ የእኔም የእናቴም ቤት ነው።

"ይሠራል አይደል?" አለኝ፣ መገዘቱን ረስቶ።

"ይሠራል፣ ወንድም ጋሼ።"

ተቀብዬው ስፖንጁ ውስጥ መለስኩትና ቆለፍኩ። አንድ ጫኝ መጥቶ ሻንጣውን ብድግ አድርጎ ጋሪው ላይ አሳረፈው። ድምፁ ትንሽ ጎላ ሲል ወንድሜ ዘሎ ኮሌታውን አነቀው።

"ቀስ አትልም አንተ! የእህቴ ትንፋሽ ነው ውስጡ ያለው!"

ፈታሿና እኔ ሆነን በግድ አላቀቅነው።