ሦስት ቀን በሚስ አይዳ በረንዳ

ባለፈው ወር ባለቤቴ እታገኝ እዚህ ሎስ አንጀለስ አረፈች። ልጄ ሰላም የለቅሶውን ጥሪ ለወዳጅ ዘመድ በስልክ ስትልክ ለእኔም ደረሰኝና እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ አነበብኩት። «ለቅሶው ቅዳሜ ከቱ እስከ ኤይት ፒኤም፣ ፌርፋክስ አጠገብ ባለው አዳራሽ ነው። ፓርኪንግ ከኋላ አለ» ይላል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩና ደግሜ አነበብኩት።

«ሰላም፣ ለቅሶ ከመቼ ወዲህ ነው ሰዓት እላፊ የታወጀበት?» አልኳት።

«ዳዲ፣ ፕሊስ። ሆሉን እስከ ኤይት ነው ቡክ ያደረግነው። አፓርታማው ይሄን ሁሉ ሰው አይችልም፤ ማኔጀሩ ኮምፕሌይን ያደርጋል። ሶ፣ ምን ላድርግ?»

ዓይኖቿ አብጠው ነበር። እኔ ሚስቴን ባጣ እሷም እናቷን አጥታለችና ነገሩን ተውኩት።

ሰው ግን መጣ፤ እግዜር ይስጠው። ከዌስትቼስተር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ ወጥተው ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ የመጡ አሉ። ባለቤቴን በስም እንኳ የማያውቁ፣ ከኮሪያታውን በአውቶቡስ የመጡ አዲስ ገቦችም ነበሩ። ምስሩም ቀይ ወጡም በአሉሚኒየም ትሪ ተደርድሮ ተበላ። እኔ ከፊት ተቀምጬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ለሚለኝ ሁሉ አንገቴን ዝቅ ሳደርግ ዋልኩ። አንዲት እንባ አልወጣኝም። «ጋሼ ታደሰ ብርቱ ናቸው» ሲባል ሰማሁ። ብርታት አልነበረም፤ ደርቄ ነው። ልክ ኤይት ሲል አንድ ጨዋ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ጋሼ፣ ሶሪ፣ ወንበሩ የኪራይ ነው» አለኝ። ተነሳሁለት። አጠፈው።

በሰላም መኪና ወደ ቤት ስንመለስ የፌርፋክስ ምግብ ቤቶች ገና እየሞቁ ነበር። በመስኮቱ ሳይ ሬመንድና እናቱ ትዝ አሉኝ። የእነሱን ነገር ለልጄ እንኳ በቅጡ አውርቼላት አላውቅም።

በጃንሆይ ዘመን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው ግብርና እንድማር ወደ አሜሪካ የተላክሁት። የደረሰኝ ኮሌጅ በደቡቦቹ ግዛቶች ካሉት የጥቁሮች ኮሌጆች አንዱ ነበር። ሬመንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀን ቀን ድምፁ የማይሰማ፣ ሲተኛ ግን እንደ ወፍጮ የሚያንኮራፋ ልጅ። ስሜ አልያዝለት ብሎ «ታዲ» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተባሉ ምግብ ቤቶች እየገቡ ይቀመጣሉ፤ አናስተናግድም ሲባሉ አንነሳም ይላሉ። ሌሎቹ ወደ ገጠር እየወጡ ጥቁሩ ገበሬ ለምርጫ እንዲመዘገብ ይቀሰቅሳሉ። ሬመንድ በሁለቱም ነበረበት።

የትምህርት ዕድሉን የሰጡን ሰዎች «ፖለቲካ ውስጥ እጃችሁን እንዳታስገቡ» ብለው አስጠንቅቀውን ነበር። ልጅነት አይደል፣ እኔም ገባሁ። የምንሰበሰበው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ስድብና ግፊያ መቻል እንኳ እዚያ ልምምድ ነበረው። ግማሾቻችን ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ ግማሾቹ እንደ ነጮቹ ሆነው ይሰድቡናል፣ ይገፈትሩናል፣ ውሃ ያፈሱብናል። ሕጉ አጭር ነው፤ አትነሳም፣ አትመልስም። ተራዬ ሲደርስ ሬመንድ አንድ ጆግ ውሃ አናቴ ላይ ገለበጠብኝ። ሳላስበው ዘልዬ ተነሳሁና ኮሌታውን ጨመደድኩት። ቤቱ በሙሉ አውካካ።

«ታዲ፣ አንተን ይዤ ከወጣሁ ሁላችንንም ታስፈጀናለህ» አለኝ።

መፈክር ጻፍ ተብዬ ብሩሽና ቀለም ተሰጠኝ። ክፍላችን ስንመለስ በራሱ ፎጣ ፀጉሬን እያደረቀ «ይቅርታ፣ ውሃው ያን ያህል የሚቀዘቅዝ አልመሰለኝም» አለኝ። የገለበጠብኝን ትቶ ስለ ቅዝቃዜው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አላየሁም።

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ሬመንድ ሰው ሊያስመዘግብ ወደ ትውልድ መንደሩ ወረደ። «ስመለስ የእናቴን የስኳር ድንች ፓይ አመጣልሃለሁ» ብሎኝ ነው የሄደው። አልተመለሰም። ፖሊሶች ያዙት፤ እስር ቤት በእግሩ ገብቶ በማግስቱ ሬሳው ወጣ። «ደረጃ ላይ ወድቆ ነው» አሉ። የጠየቃቸውም የለም።

ለቀብሩ በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ሄድን። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ የፈነዳ ጥጥ፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ጥጥ። የግብርና ተማሪ ነኝና በሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ እዳብሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በግማሽ እንኳ አልሞላም። ልጁ አፈር እንደለበሰ ሰብሳቢያችን «ሳይመሽ ከዚህ ወረዳ መውጣት አለብን፣ ቶሎ ግቡ» አለ። እኔ ወደ ለቅሶ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ገባሁ። በመስኮት ሳይ የሬመንድ እናት ሚስ አይዳና እህቱ ዶሪስ፣ ጥቁር እንደለበሱ፣ በዚያ አቧራማ መንገድ ሁለቱ ብቻ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከኋላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ግራ ገባኝ። በእኛ አገር የተኳረፈ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ለቀስተኛው የት ገባ? ነገሩ የተገለጠልኝ ኋላ ነው። መሬቱ የአንድ ነጭ ባለርስት ነበርና በእነ ሚስ አይዳ ደጃፍ የታየ ጭሰኛ ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ እንዲወጣ አስነግሯል። ይህን ባውቅ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እንጃ። ያኔ ግን አላወቅሁም፤ «አውርዱኝ» አልኩና ወረድኩ።

ዶሪስ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ምላጭ።

«አውቶቡሱ ጥሎህ ሄደ እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልታደርግ ነው?»

«ለቅሶ ልቀመጥ።»

«ስንት ቀን?»

«ሦስት ቀን» አልኳት። ሌላ ቁጥር አላውቅማ።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ደፋር ነህ ወይስ ቂል?»

ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ሚስ አይዳ በረንዳው ላይ ካለችው ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ደረጃው ላይ። አያለቅሱም፣ አይናገሩም። ምግብ ሲሰጧቸው ሳህኑን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና ይረሱታል። ወንበሯ እንኳ አትወዛወዝም። የተማርኩት እንግሊዝኛ ለለቅሶ አልሆን ስላለኝ እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት ዶሪስ የጓሮውን በር ስትከፍት ደረጃው ላይ በጨርቅ የተሸፈኑ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ። ማን እንዳስቀመጣቸው ያየ የለም። ዶሪስ ግን ጨርቁን እየገለጠች በመዓዛው ብቻ የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች።

«ጠልተውን አይደለም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፈርተው ነው።»

ጎመኑ የአሳማ ሥጋ እንዳለበት ሸቶኛል። ያን ቀን ግን ማን ይጠይቃል፤ በላሁ።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ፒካፕ ደጁ ላይ ቆመና አንድ የአካባቢው ፖሊስ ወረደ። ወደ በረንዳው መጥቶ የሚያኝከውን ትምባሆ ጫማዬ ላይ ተፋው። «ተነስ፣ አንተ ልጅ!» አለኝ። ኮሌታው እጄ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ሬመንድን አሰብኩት፤ ጆጉን፣ ፎጣውን። እጆቼን ጉልበቶቼ መሐል ቆልፌ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

«ይሄ ማነው?» አለ ፖሊሱ ወደ ሚስ አይዳ ዞሮ።

ከቀብሩ ወዲህ ድምፃቸውን ያልሰማናቸው ሴትዮ ተናገሩ። «እንግዳዬ ነው። ከባሕር ማዶ ነው የመጣው። ሰፈሩን ሁሉ ስታስፈራሩ እሱን ረስታችሁታል።»

ሰውዬው ጥቂት ቆሞ አየኝ፤ አጉረመረመና ሄደ። የውጭ አገር ሰው ቢመታ ወሬው ሩቅ እንደሚሄድ ገብቶት ይሆናል። የዚያችን ቤት ልጅ፣ የገዛ አገራቸውን ሰው፣ ገድለው ግን ዝም ተብሏል። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አቧራው ሲበርድ ሚስ አይዳ «ልጄ» አሉኝ፤ «ስለ ሬመንድ አንድ ትንሽ ነገር ንገረኝ። ትልቅ ትልቁን ፓስተሩ ተናግሮታል።»

የውሃውን ነገር ነገርኳቸው። ኮሌታውን እንዴት እንደጨመደድኩት፣ ፎጣውን፣ ይቅርታውን።

«ስለ ቅዝቃዜው?» አሉ።

«አዎን፣ ስለ ቅዝቃዜው።»

ሳቁ። ከሆዳቸው ሳቁ። «እሱ ነው! የኔ ልጅ እሱ ነው!» አሉና ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ወንበሯ መወዛወዝ ጀመረች። ዶሪስ ከጓዳ ሮጣ መጥታ እግራቸው ሥር ተደፋች። እኔም ለጓደኛዬ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

በሦስተኛው ቀን ሁለት አሮጊቶች በፊት ለፊቱ በር መጡ። ባዕድ ልጅ እየተቀመጠ እኛ እንቅር ወይ ብለው ነው አሉ። ከእነሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። ሚስ አይዳ ተነስተው ወጥ ቤት ገቡና የስኳር ድንች ፓይ ጋገሩ። የሬመንድን ድርሻ እኔ በላሁት።

ጥጡ እንደተለቀመ ባለርስቱ ከቤታቸው አስወጣቸው። ዶሪስ «አንተ ሳትመጣም ተነግሮን ነበር» ትለኛለች፤ እንድጽናና ይሁን እውነቷን ይሁን አላውቅም። ወደ ሰሜን ዘመድ ጋ ሄዱ፤ ሚስ አይዳም እዚያው አረፉ። በሬመንድ ሞት የተጠየቀ ሰው የለም። እኔ ኮሌጅ ስመለስ ተጠርቼ ተገሠጽኩ። መፈክር መጻፌ ግን ቀረ፤ ከሚቀመጡት ጋር እየሄድኩ ተቀመጥኩ፤ ውሃም ሌላም ሲያፈሱብኝ አልተነሳሁም። ኋላ ኑሮ ወደ ሎስ አንጀለስ አመጣኝ፤ ግብርናዬንም ታክሲ በላው። ዶሪስ በየገናው ትደውላለች፤ ከእኔ ይልቅ ከእታገኝ ጋር ነበር ወሬዋ።

ከአዳራሹ ለቅሶ በኋላ ሰኞ ሰላም ፈቃዷ አልቆ ሥራ ገባች። የራሳችንን ወንበሮች ግድግዳው ሥር ደርድሬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማን ይመጣል ብዬ እንደሆነ እንጃ። ረፋዱ ላይ በሩ ተደወለ። ዶሪስ ናት፤ ፀጉሯ ጥጥ መስሏል፣ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በሌላው ትንሽ ሻንጣ።

«ልጅህ ደወለችልኝ» አለች። የተደረደሩትን ወንበሮች አየቻቸው። «ሦስት ቀን ነው፣ አይደል?»

«ሦስት ቀን ነው» አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ «በል እንግዲህ፣ ስለ እታገኝ አንድ ትንሽ ነገር ንገረኝ» አለችኝ።

«ታክሲ ነጂ አግብታ መንዳቴን አታምንም ነበር» አልኳት። «አጠገቤ ስትቀመጥ ዕድሜ ልኳን በቀኝ እግሯ ፍሬን ትረግጣለች፤ በእሷ በኩል ምንም ፍሬን ሳይኖር። በመጨረሻው ሰሞን በዊልሻየር ጎዳና አድርጌ ሆስፒታል ስወስዳት፣ ጉልበቷ ሁሉ አልቆ፣ ቀይ መብራት ባየች ቁጥር ያቺን እግሯን…»

ዶሪስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አልዘለቀኝም እንጂ። በአዳራሹ እምቢ ያለኝ እንባ ሁሉ መጣ። እሷ ጀርባዬ ላይ እጇን አሳረፈች፤ በርታ አላለችኝም፣ ሰዓቷንም አላየችም። ብድር በምድር ይላሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ ለሚስ አይዳ የሰጠሁት ነገር ያለ አይመስለኝም፤ መሄድ ስለማላውቅ ነው የተቀመጥኩት። ሐዘንተኛም ከሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር የለም ለካ።

ዶሪስ ሦስቱንም ቀን ተቀመጠች። ወንበሯን ሊያጥፍ የመጣ ሰው አልነበረም።