ፓርቲው በሦስተኛው ቀን መጣ

ስልኩ ሲጠራ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ የፎጣ ጋሪ እየገፋሁ ነበር። የውጭ ቁጥር ስለሆነ መጀመሪያ አላነሳሁትም። ደግሞ ሲጠራ አነሳሁት፤ አንዲት አሮጊት በስዊድንኛ ስሜን ጠራችኝ። ያንን ቋንቋ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ጋሪውን ለቅቄ ግድግዳ ተደገፍኩ።

“እዚህ ባሉ አገርሽ ሰዎች በኩል ነው ያገኘሁሽ” አለችኝ። “ፓርቲያችን ሊዘጋ ነው። የቀረነው አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ከመዘጋታችን በፊት ታሪካችንን እየጻፍኩ ነው። አንቺ ያለሽበት ምዕራፍ ስላለ ረቂቁን ልላክልሽ?”

ያን ጊዜ አወቅኋት። ድሮ የነርስነት ተማሪ ሆና በራሪ ወረቀት የምታባዛልን፣ ጣቷ ሁሌ ቀለም የነካው ልጅ ነበረች።

እኔ ከአገር የወጣሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ በሱዳን በኩል ነው። ስዊድን ተቀበለችኝ፤ አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ቢሮ እያጸዳሁ ኖርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። በኋላ ባለቤቴ ዲቪ ሲደርሰው ሕፃን ልጃችንን ታቅፈን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገባን። እሱ አርፏል። ልጄ ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ እኔ ዋይትሆል እዚያው መጀመሪያ የተከራየነው አፓርትመንት ውስጥ አለሁ። ስለ ስዊድን ለልጄ ያወራኋት ስለ በረዶው ብቻ ነበር።

ረቂቁ በኢሜል መጣ። በየማታው ጥቂት ጥቂት ገጽ እያልኩ፣ የጠፋብኝን ቃል በስልኬ እየፈለግሁ አነበብኩት። እውነት ለመናገር ብዙ ቦታ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። ከትልቁ ኮሚኒስት ፓርቲ ተጣልተው የወጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው የመሠረቱት። ከዚያ በቻይና ጉዳይ ተጣልተው ለሁለት ተከፈሉ፤ የወጡት ሰዎች የማባዣ ማሽኑን ይዘው ስለሄዱ አንድ ክረምት ሙሉ ጋዜጣው በእጅ ተጻፈ። የሀብታም ልጆች ዩኒቨርሲቲያቸውን ትተው ፓርቲው ስላዘዛቸው ብቻ መርከብ መሥሪያ ገብተው ብየዳ ተማሩ። በየዓርቡ ሰው መጠጥ ለመግዛት በሚሰለፍበት ደጃፍ ቆመው ጋዜጣ ይሸጣሉ። በምርጫ አንድም ወንበር አግኝተው አያውቁም።

ከዚያ የእኔ ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። “በፓርቲው መሪነት ሰባት የውጭ አገር ጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ” ይላል። አንዴ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ።

የሆነው እንዲህ ነው። የጽዳት ኩባንያችን ለአንድ ሰው ሁለት ፎቅ የነበረውን ሦስት አደረገውና፣ የሩጫ ሰዓት የያዘ ሰው ላከብን። ሰውዬው አንድ ጠዋት ኮሪደር ለኮሪደር ከኋላዬ እየተከተለ መወልወያውን እንዴት ማዞር እንዳለብኝ ይነግረኝ ጀመር። ሁለት ጊዜ እሺ አልኩ። በሦስተኛው ባልዲዬን ደፍቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። አድማ የሚለውን ቃል በስዊድንኛ እንኳ አላውቀውም ነበር። ከእኛ ሁሉ ትልቋ የፊንላንድ ሴት ከወዲያኛው ጫፍ አየችኝ፤ ምንም ሳትናገር እሷም ባልዲዋን ደፋች። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባታችንም ተቀምጠን ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው መጣና ሕገወጥ ናችሁ ብሎን ሄደ።

ፓርቲው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ ጢማም በያጅ ትልቅ ድስት የአተር ሾርባ ተሸክሞ፣ ይህች የነርስ ተማሪ ደግሞ ወረቀቷን ይዛ። ሾርባው የአሳማ ሥጋ ስላለበት እኔና ቱርካዊቷ ጓደኛዬ አልነካነውም። ምክንያቱን ሲሰማ ጢማሙ ፊቱ ቀላ። ከማግስቱ ጀምሮ ሁለት ድስት ይመጣ ነበር። አድማው እስኪያልቅ አንድ ቀን አልቀሩም። ኩባንያው ፎቁን ወደ ሁለት መልሶ፣ ባለ ሰዓቱን ሰውዬ አንስቶ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተሸነፈ።

ከዚያ በኋላ አባል ሁኚ ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አልኩ። እነሱ “ጓድ” የሚሉኝ በፍቅር ነበር። አገር ቤት ታላቅ ወንድሜን ከቤት የወሰዱት ሰዎች ጓድ ነበር የሚባባሉት። የፓርቲው ጋዜጣ ግን የእነዚያን ሰዎች መንግሥት ያወድስ ነበር፤ ለገበሬ መሬት ሰጠ እያለ። አንድ ቀን ሄጄ ለአዘጋጁ ነገርኩት፦ “መሬት መስጠቱ እውነት ነው። ወንድሜን መውሰዱም እውነት ነው። ሁለቱንም ጻፉ።” በተሰባበረ ስዊድንኛዬ ሁለት ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። አልወጣም። እኔም አልጠየቅሁም። በረቂቁም ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል የለም።

ለሴትዮዋ መልሼ ደወልኩ። “ፓርቲው መጥቷል፣ ግን በሦስተኛው ቀን ነው የመጣው” አልኳት።

“እኔ የጻፍኩት ከራሳችን ጋዜጣ ላይ ነው” አለች።

“ጋዜጣውን ያባዛሽው አንቺ ነሽ። እዚያም ነበርሽ።”

“ነበርኩ” አለች። “ቅዳሜ የመጨረሻው ስብሰባችን ነው። አንድም ቃል ያለ ድምፅ አይለወጥም። ገብተሽ ንገሪያቸው።”

ልጄ ያን ቅዳሜ ኦፍ ነበረች። ላፕቶፑን ልታስተካክልልኝ ጠዋት በአራት ሰዓት መጣች፤ እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ ነው። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ታዩ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ፣ “ማሚ፣ ሁ አር ዚስ ፒፕል?” አለችኝ።

“ኮሚኒስቶች ናቸው” አልኳት። ስቀልድ መሰላት።

ተናገርኩ። ስዊድንኛዬ መጀመሪያ ተንገዳገደ፤ ስለ ባልዲው ስደርስ ግን ራሱ መጣ። በአድማው ላይ ብዙ አልተከራከሩም። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ “እኛ ባንጽፈው ማን ያውቅላችሁ ነበር?” አለ።

“ማንም” አልኩት። “ለሾርባችሁም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። እሱም ይጻፍ። የተቀመጥነው ግን እኛ ነን።”

ወንድሜም ይጻፍ ስል ግን የክፍሉ አየር ተለወጠ። አንዷ ይህ የፓርቲው ታሪክ ነው፣ የኢትዮጵያ አይደለም አለች። ሌላው በዘመኑ መረጃ አልነበረንም አለ። ይኼኔ ጥግ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ፣ እስከዚያ ያልተናገረ ሰው እጁን አነሳ። ስላረጀ አላወቅሁትም ነበር፤ የድሮው አዘጋጅ ነው።

“መረጃ ነበረን” አለ። “ይዛልኝ መጣች። ሁለት ገጽ። አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ የፖለቲካ መስመራችንን ያበላሻል ብዬ ነው። የሰውን ቃል መሳቢያ ውስጥ እየከተትን አርባ ዓመት ስለ ሰው ስንናገር ኖርን።” ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረና ጠየቀኝ፦ “የወንድምሽ ስም ማን ነበር?”

ስሙን ነገርኩት። እንዳይሳሳቱ ፊደል በፊደል ደገምኩለት። አሮጊቷ ወረቀት ላይ ስትጽፈው በስክሪኑ አየኋት።

ድምፅ ሰጡ። ሰባት ደገፉ፣ ሦስት ተቃወሙ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። ሊዘጉ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው እንኳ ሳይከፋፈሉ አልቀሩም፤ ቢሆንም ደስ አሉኝ። ተሸናፊዎቹም እጃቸውን አውለብልበው ነው የተሰናበቱኝ።

ላፕቶፑን ስዘጋው ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። የተባለውን አንድ በአንድ ተረጎምኩላት። “አንቺ ነሽ ያስጀመርሽው?” አለችኝ፣ ለወትሮው በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ፣ በአማርኛ። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“ጠይቀሽኝ አታውቂም” ልል ነበር። ግን እሷ አይደለችም ጥፋተኛዋ። “ሥራ ቦታ የሆነ አንድ ነገር ብዬ ብቻ ነው ሁሌ የማስበው፤ ታሪክ አይመስለኝም ነበር” አልኳት። ራሴንም ገረመኝ።

መጽሐፉ በጸደይ መጣ። ቀጭን ነው፣ ሽፋኑ ቀይ። ፓርቲው ከዚያ በፊት ተዘግቷል፤ ሰነዶቹንም ለከተማው ቤተ መዛግብት አስረክበዋል፤ የእኔ ሁለት ገጽ ከመሳቢያው ተገኝቶ አብሮ ገብቷል። ምዕራፉ የሚጀምረው “ሰባት ሴቶች ያለማንም መሪነት ተቀመጡ” በሚል ነው። ከሥሩ ፓርቲው በሦስተኛው ቀን ሾርባ ይዞ እንደደረሰ ተጽፏል። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ወንድሜ አለ።

ወንድሜ መቃብር የለውም። እናቴም የት እንደጣሉት ሳታውቅ ነው የሞተችው። ስሙ በየትኛውም ወረቀት ላይ ታትሞ አይቼ አላውቅም ነበር። ልጄ ገጹን ዘርግታ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም አንድ ጊዜ በተሳሳተ አነባበብ ጠራችው። አረምኳት። ደግማ ጠራችው፤ በዚህኛው ጊዜ ልክ እናቴ እንደምትጠራው አድርጋ።